የአሮጌ ናፍጣ ፒክ አፕ የነዳጅ መስመር፦ ከፖምፓው በፊት ታንኩ

በዚህ እትም ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከሰንዳፋና ከገላን ለደረሱን አራት ጥያቄዎች መልስ ሰጥተናል። አራቱም ስለ አሮጌ ናፍጣ ፒክ አፕ ናቸው።

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ፦ መኪናዬ የ1997 ሞዴል ሃይሉክስ ነው፤ ሞተሩ 3ኤል። አሸዋ ስጭንበት የእንጦጦን ዳገት በጭንቅ ነው የሚወጣው፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። መካኒኬ ፖምፓው ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ናፍጣ ጨምረን ናፍጣውን የሚረጩትን ኖዝሎች በትልልቅ እንቀይር ይለኛል። ወጪው ያዋጣኛል?

መልስ፦ አያዋጣዎትም፤ ችግሩንም ያብሰዋል። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው የሚቃጠልበት አየር አጥቷል ማለት ነው። የእርስዎ ሞተር 2.8 ሊትር ሲሆን አየር ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የለውም፤ ስለዚህ የሚያገኘው አካባቢው የሰጠውን አየር ብቻ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የእንጦጦ ጀርባ ደግሞ 3,000 ሜትር ያልፋል። ለዝቅተኛ አገር ተመጥኖ የተስተካከለ ፖምፓ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ገና ሳይነካ ናፍጣ አብዝቷል። በላዩ ሲጨመርበት የሚመጣው ጉልበት ሳይሆን ሙቀት ነው፤ የሞተሩ ክዳን የሆነው ቴስታታና ፒስተን ይጎዳሉ፣ ያልተቃጠለው ናፍጣም በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ገንዘብ ሳያወጡ የሚታዩ ነገሮች አሉ። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ይመልከቱ፤ በሱሉልታ መንገድ አቧራ ቶሎ ይደፈናል። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ከውስጥ ተላጥቶ ወይም ሞተሩ ሲስብ እየተጣበቀ እንዳይሆን ይዩት። ከዚያ አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፤ እርስዎ ኮፋኖ ከፍተው የፖምፓው ክንድ ማቆሚያውን ቪቴ መንካት አለመንካቱን ይዩ። ገመዱ ላልቶ ክንዱ ሳይደርስ የሚቀርባቸው መኪኖች ጥቂት አይደሉም፤ ባለቤቶቹም ፖምፓቸው ያረጀ ይመስላቸዋል። የሞተሩን ክፍሎችና ፖምፓውን በሰዓታቸው የሚያዞረው ቺንጋ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ምልክቶቹ በትክክል መግጠማቸው ይረጋገጥ፤ አንድ ጥርስ ብቻ ቢሳሳት የናፍጣው መርጫ ሰዓት ይዛባል።

እነዚህ ደህና ከሆኑ ወደ ኖዝል ይለፉ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ) እየሠራ የአንዱን ኖዝል ቱቦ ዳዶ በትንሹ ያላሉ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ይሠራል፤ ካልተለወጠ ችግሩ እዚያ ነው። አጥብቀው ወደ ሚቀጥለው ይሂዱ። እጅዎን ወደሚረጨው ናፍጣ በፍጹም አያቅርቡ፤ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ይህም ሆስፒታል የሚያስገባ ጉዳት ነው። ዓይንዎንም በመነጽር ይከልሉ።

ኖዝሎቹ ወጥተው በመሞከሪያ ሲታዩ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሚከፈቱበት ግፊት ለሞተሩ ከተጻፈው ጋር ይገጥማል? አራቱስ እርስ በርስ ይቀራረባሉ? ከመክፈቻው ግፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ ሲያዝ ለ10 ሰከንድ ጫፉ ላይ ጠብታ አይታይም? የሚያንጠባጥብ ኖዝል ግፊቱ ቢስተካከልም አይረባም፤ ጫፉ ይቀየራል። ሲቀየር አራቱንም ባንድ ጊዜ፣ ከፋብሪካው ልክ ሳይበልጡ። የድሮ ማሸጊያ ሮንዴላ መልሶ መግጠም ደግሞ የኋላ ኋላ ቴስታታ ያስበላል። ሮንዴላው አንዴ ተጨፍልቋል፤ ድጋሚ አያሽግም። በ3ኤል ላይ ኖዝሉ የሚጠብቀው በ64 ኒውተን ሜትር ነው፤ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቅ እንጂ በክንድ ግምት አይሁን።

ጭሱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልቀረ፣ የሚሻለው ናፍጣውን መቀነስ ነው። በፖምፓው ጀርባ ያለውን የሙሉ ጭነት ቪቴ የፖምፓ ባለሙያ ምልክት አድርጎ በአንድ ስምንተኛ ዙር ወደ ውጭ ይፍታው፤ ከዚያ ያንኑ ዳገት በዚያው ጭነት ይሞክሩት። ቪቴው ሲነካ ሚኒሞውም ስለሚወርድ አብሮ መስተካከል አለበት። የጎደለውን አየር በእውነት የሚመልሰው ቱርቦ ነው። ይሁንና የዘይት መስመር፣ የጭስ ማውጫው (የማርሚታው) ለውጥ፣ ጤነኛ ራዲያተርና የጭስ ሙቀት መለኪያ ይፈልጋል። አየሩን 22 ለ1 በሚጨምቅ አሮጌ ሞተር ላይ መለኪያ ሳይኖር ቱርቦ መግጠምን አንመክርም።

ጥያቄ፣ ከሰበታ፦ ጠዋት ለማስነሳት ብዙ መሽከርከር አለብኝ፤ ሲነሳ ነጭ ጭስ አውጥቶ ይጠፋል። ቀን ላይ ደህና ነው። የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፖምፓ ብጨምርለት ይሻለዋል?

መልስ፦ ሊሻለው ይችላል፤ ግን በሽታውን ሸፍኖ እንዳያስቀምጥ በመጀመሪያ ምክንያቱን እንለይ። በእነዚህ ሞተሮች ከታንክ ናፍጣ የሚስበው በናፍጣ ፖምፓው ውስጥ ያለችው ትንሽ ፖምፓ ናት። ከታንክ እስከ ፖምፓ ባለው መስመር ላይ ትንሽ ክፍተት ካለ ናፍጣው አይፈስም፤ አየር ነው የሚገባው። ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ታንክ ይመለስና ጠዋት መስመሩ ባዶ ይሆናል።

በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ናፍጣ የሚችል ቱቦ ለጊዜው ያስገቡ። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ከታየ አየር እየገባ ነው። ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ የፖምፓውን መግቢያ በቀጥታ ከዚያ ያገናኙ። በዚህ አሠራር አድሮ ጠዋት ወዲያው ከተነሳ ፖምፓዎ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ከታንክ፣ ከቱቦ ወይም ከፊልትሮው ራስ ነው። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የናፍጣ የእጅ መግፊያ ጎማ ሲያረጅ ብዙ ጊዜ አየር የሚያስገባው እሱ ነው። የናፍጣ መመለሻ ትንንሽ ቱቦዎችንም አይርሱ።

አየር ካልተገኘ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ይመርምሩ። ገመዱን ነቅለው እያንዳንዱን በኦም መለኪያ ይለኩ፤ ደህናው ከ1 ወይም 2 ኦም አይበልጥም፣ የተቃጠለው መስመሩ ተቆርጦ ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሁለቱ ብቻ ቢሞቱ ያወሩት ምልክት ሁሉ ይመጣል። ነጩ ጭስ ጣፋጭ ሽታ ካለውና የራዲያተር ውኃ ከጎደለ ግን ጉዳዩ የነዳጅ አይደለም፤ በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ (ጓርኒሲዮን) ይታይ።

መስመሩ ከተጠገነ በኋላ የኤሌክትሪክ ፖምፓ መጨመር ጥሩ ሐሳብ ነው። የሚገዙት ባለ 12 ቮልት፣ ከ0.2 እስከ 0.4 ባር የሚገፋ ይሁን። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ላይ «ይሄም ፖምፓ ነው» ተብሎ የቤንዚን ኢንጀክሽን ፖምፓ እንዳይሰጥዎት፤ እሱ ወደ 3 ባር ይገፋል፣ የናፍጣ ፖምፓውን የዘንግ ማሸጊያ ሊያፈነዳ ይችላል። ማሸጊያው ከሄደ ናፍጣ ወደ ውጭ ይፈሳል ወይም ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ፖምፓውን ከታንኩ አጠገብ ሻሲው ላይ በጎማ ይሰሩት፤ በሪሌና በፊዩዝ፣ ቁልፍ ሲጠፋ እንዲጠፋ ሆኖ። ከገጠሙ በኋላ ገመዱን ነቅለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱ። ሞተሩ ከጠፋ፣ ያ ፖምፓ ሲቆም ናፍጣ አያሳልፍም ማለት ነው፤ መንገድ ላይ ያስቀርዎታልና ይመልሱት።

ጥያቄ፣ ከሰንዳፋ፦ ማደያ ላይ ናፍጣ ሲጠፋ ከጀሪካን እገዛለሁ። ፊልትሮ በየሁለት ወሩ እቀይራለሁ፤ ግን ኖዝል ይበላሽብኛል። የተሻለ ፊልትሮ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ነገር ግን ከታንክ ይጀምሩ። የናፍጣ ፖምፓ ሌላ ዘይት የለውም፤ የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ውኃ ወይም ላምባ ሲቀላቀልበት ብረት ከብረት ይፋተጋል። ታንኩን አውርደው ያራግፉ፤ የመሳቢያውን ቱቦና ወንፊቱን አውጥተው በናፍጣ ይጠቡት፣ በውኃ አይሁን። የሚበየድ ቀዳዳ ካለ የናፍጣው ትነት ሳይወጣ እሳት እንዳይቀርበው፤ ባዶ ታንክ ይፈነዳል። የክዳኑን መተንፈሻም ይሞክሩ፤ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ ሲከፍቱት አየር በኃይል ከሳበ ተደፍኗል።

ከዚያ በታንኩና በዋናው ፊልትሮ መካከል ውኃ የሚለይ፣ ከታች ብርጭቆ ያለው ቅድመ ፊልትሮ ይግጠሙ። የሚመርጡት የማጣሪያው ቀዳዳ 30 ማይክሮን የሆነውን ነው። ባለ 2 ማይክሮን የተሻለ ይመስላል፤ በመሳቢያው በኩል ከገባ ግን ቶሎ ተደፍኖ ፖምፓውን ያስርባል። ጥሩ ማጣራት የዋናው ፊልትሮ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ፖምፓ ካለ ቅደም ተከተሉ ታንክ፣ ቅድመ ፊልትሮ፣ የኤሌክትሪክ ፖምፓ፣ ዋና ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፖምፓ ነው። ቱቦው የናፍጣ ቱቦ ይሁን፤ የውኃ ጎማ በጥቂት ወራት ይለሰልስና ከውስጥ እየተላጠ እሱ ራሱ ቆሻሻ ይሆናል።

በየሳምንቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የሁለቱንም ፊልትሮ የታች ቪቴ አላልተው ውኃውን በጣሳ ያውርዱ። ከጀሪካን የገዙትን ናፍጣ አንድ ቀን ሳይነካ ያሳርፉት፤ ሲገለብጡም የታችኛውን ሁለት ጣት ያህል አያፍስሱ። በየሁለት ወሩ ፊልትሮ ከመቀየር ይህ ይበልጥ ኖዝልዎን ያድናል።

ጥያቄ፣ ከገላን፦ አሮጌውን ሞተር አውጥቼ ያገለገለ 1ኬዲ ኮመን ሬል (በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር) ብገጥምስ?

መልስ፦ ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ቱርቦውም ለከፍታችን ይመቻል። ግን ኖዝሎቹ ከ1,000 ባር በላይ የሚሠሩ ናቸው፤ አሮጌው ፖምፓ ለወራት የሚታገሠውን ውኃ እነሱ አይታገሡም። ኮምፒውተሩ፣ የሽቦው መስመርና የነዳጅ መስጫው ሴንሰር ከሞተሩ ጋር ካልተሸጡልዎት አይግዙ። ናፍጣዎም ከጀሪካን የሚቀዳ ከሆነ ያለዎትን ሞተር አሳድሰው ይያዙ።