ስለ ፖስት ካርድ መለዋወጥ ለጠየቃችሁኝ

ፖስትክሮሲንግ በተባለው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ፖስት ካርድ በሚላላኩበት ድረ ገጽ ላይ ካርድ መላላክ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

የላክሁለት ሰው ነው መልሶ የሚልክልኝ?

አይደለም እህቴ፤ አብዛኛው ጀማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ነገሩን በ2005 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ፓውሎ ማጋልያይስ የተባለ ፖርቱጋላዊ ነው። አድራሻ ስትጠይቂ የአንድ ሰው አድራሻና የካርዱ መለያ ቁጥር ይሰጥሻል። ተቀባዩ ካርዱ ሲደርሰው ቁጥሩን ይመዘግባል፤ ከዚያ ያንቺ አድራሻ ፈጽሞ ለማታውቂው ለሌላ ሰው ይወጣል። ወደ ፊንላንድ ልከሽ ከታይዋን ይመጣልሻል። ስለዚህ ቁጥሩ ካልተነበበ ሁሉም ነገር ይቆማል። እኔ ሁለት ቦታ እጽፈዋለሁ፤ አንዱን ከቴምብሩ አርቄ፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም እንዳያርፍበት።

ስንት መላክ ይቻላል?

መጀመሪያ ላይ በአንድ ጊዜ 5። የላክሃቸው እየደረሱ ሲመዘገቡ ይጨምራል።

ፖስታ ሣጥን የለኝም፤ ምን ላድርግ?

የሰፈርና የቤት ቁጥር ብቻ አይበቃም። ሣጥን መከራየት ካልሆነልህ የመሥሪያ ቤትህን ወይም የዘመድህን አስፈቅደህ ተጠቀም። ስምህን ካስቀደምክ በኋላ «በእገሌ በኩል» ብለህ የባለ ሣጥኑን ስም ጨምር።

ምን ልጻፍበት? ሁሌ «ሰላም ከኢትዮጵያ» ብዬ ነው የማበቃው።

ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኛል። ካርዱ ላይ ላሊበላ ካለ፣ ስለ ላሊበላ ጀርባው ላይ የታተመውን መድገም ምን ይጠቅማል? ያን ዕለት ያየሽውን ጻፊ፦ ዝናቡ ጣራው ላይ ሲወርድ፣ ጎረቤት ቡና ጠርታሽ ሦስተኛውን ሳትጠጪ አልለቅም ስትልሽ። የተቀባዩን ስም በፊደላችን ጻፊለት፣ ከሥሩም አነባበቡን በላቲን። ከምስሉ ይልቅ ስለዚህች አንዲት መስመር ያመሰገኑኝ ይበዛሉ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስፍሪ፤ በእኛ ብቻ ከጻፍሽው ካርዱ ሰባት ስምንት ዓመት መንገድ ላይ የቆየ ይመስላቸዋል። ዓመታችን 13 ወር መሆኑን ስትነግሪያቸው ደግሞ ወሬው ራሱ ይመጣል።

በፖስታ ከትቼ ልላከው?

ተቀባዩ ካልጠየቀ አያስፈልግም። ብዙ ሰብሳቢ ማኅተም የተመታበትን ቴምብር ካርዱ ላይ ማየት ይወዳል። ብቻ ውኃ በማያለቅቀው እስክሪብቶ ጻፍ።

ሦስት ወር አለፈው፤ ጠፍቶ ይሆን?

ተስፋ አትቁረጥ። 60 ቀን ሲሞላው ጊዜው እንዳለፈ ይቆጠርና በምትኩ ሌላ መላክ ትችላለህ፤ ነገር ግን ከላክህ እስከ አንድ ዓመት ድረስ መመዝገብ ይቻላል። አንዱ ካርዴ በአምስተኛው ወር ደርሷል።

ኦክቶበር 1 ቀን ሰው ሁሉ ካርድ የሚልከው ለምንድን ነው?

የዓለም የፖስት ካርድ ቀን ስለሆነ ነው። በ1869 (እ.ኤ.አ.) በዚያች ዕለት ኦስትሪያ-ሃንጋሪ የመጀመሪያውን ፖስት ካርድ አወጣች፤ ሥዕል እንኳ አልነበረውም። በእኛ መስከረም 21 ላይ ይውላል፤ አንዳንድ ዓመት ግን በ20።

የመጡልኝን እንዴት ላስቀምጥ?

ገጹ የሚያጣብቅ አልበም ይቅርብህ፤ ስታነሣው ጽሑፉን ይዞት ይቀራል። ፀሐይና እርጥበት የማይነካው የጫማ ካርቶን ይሻላል። የእኔዎቹ እስካሁን እዚያው ናቸው፣ በየአገራቸው ተለይተው።