ፍርሃቴን ጾም አልብሼው

ይድረስ በቅርቡ ቦስተን ገብታችሁ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት በመሐንዲስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የሥራ ምክር ስትጠይቁኝ ስለ ብረትና ስለ ሲሚንቶ የማወራ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን ስለ ምሳ ልንገራችሁ።

ገና እንደ መጣሁ ባልደረቦቼ በየበጋው "ታንግልውድ እንሂድ" ይሉኝ ነበር። ታንግልውድ የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በጋውን የሚያሳልፍበት ቦታ ነው፤ ከከተማችን በስተምዕራብ፣ ሌኖክስ ላይ፣ መኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ያስነዳል። ሰዉ ምግቡን ይዞ ሄዶ ሣሩ ላይ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ይበላል፣ ከዚያ ሙዚቃውን ያዳምጣል። እኔ "ጾም ላይ ነኝ" እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ስለሆነ ፍልሰታ እዚያው መሀል ይገባል። ግን ስለ ሙዚቃ ደራሲው ቤትሆቨን ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ከዚያ ሁሉ አይብና ወይን ጠጅ አጠገብ የእኔን ሳህን እንዴት አወጣለሁ? ፍርሃቴን ጾም አልብሼው ሰባት በጋ አለፈኝ።

በስምንተኛው ዓመት አለቃዬ "የምትጾመውን ይዘህ ና" አለችኝ፤ መውጫ አጣሁ። ባለቤቴ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍትና ቲማቲም ፍትፍት አዘጋጀች። ቀዝቅዞ የሚጣፍጥ ምግብ እንደ ጾመኛ ማን ያውቃል! ከጎናችን ምንጣፍ ላይ የነበረ አንድ የማናውቀው ሽማግሌ አንገቱን አስግጎ ምን እንደሆነ ጠየቀ። በእንጀራ ጠቅልዬ አዚፋ ሰጠሁት። ሰናፍጩ አፍንጫው ላይ ሲወጣበት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ውሃ ጠጣና ሳህኑን እንደገና ዘረጋ።

በዚያው ቀን፣ ስሌቶቼን ሁሉ በቀይ ቀለም እየሞላ የሚመልስልኝ ባልደረባዬ እንጀራ እየቆረሰ "ቁጥርህ ትክክል ነው፤ እንዴት እንደደረስክበት ግን አትጽፍም" አለኝ። ቢሮ ውስጥ አራት ዓመት ስንተላለፍ የከረምንበት ነገር ነው።

ሙዚቃው ስለሚቀርብበት የታንግልውድ ሕንፃ ሳልናገር ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። እ.ኤ.አ. በ1937 የዋግነር ሙዚቃ እየተጫወተ ሳለ ወጀብ ታዳሚውን ሲያረጥበው፣ ቋሚ ጣሪያ ይሠራ ተባለ። ፊንላንዳዊው አርክቴክት ኤሊኤል ሳሪነን ንድፍ አወጣ፤ ገንዘቡ አልበቃም። ቀነሰው፤ አሁንም አልበቃም። በመጨረሻ "በዚህ ገንዘብ የሚወጣው ተራ ዳስ ነው፤ ለእርሱ ደግሞ አርክቴክት አያስፈልግም" ብሎ ተወው። የአካባቢው መሐንዲስ ጆሴፍ ፍራንዝ ንድፉን አቅልሎ ሠራው፣ በ1938 ተከፈተ፤ ስሙም "ሼድ"፣ ማለትም ዳስ፣ ሆኖ ቀረ። አምስት ሺህ ያህል ሰው ከጣሪያው ሥር ይቀመጣል፤ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ሜዳው ላይ ያለውም ይሰማል። ለሠርግም ለለቅሶም ዳስ ስንጥል ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ግድግዳ ቢኖረው ኖሮ እኔም ከነአገልግሌ ውጪ በቀረሁ።

እንግዲህ ሲጋብዟችሁ ሂዱ። የሣሩ ትኬት ከወንበሩ ይረክሳል። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ዋናው ጨዋታ ከሙዚቃው በፊት ነው። ከምንጣፉ ሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ ማታ ጤዛ አለ። ጋቢ አትርሱ፤ ኮረብታው ላይ ሲመሽ ይበርዳል። ከምትበሉት አብልጣችሁ ያዙ። ያልገባችሁን ጠይቁ እንጂ አዋቂ አትምሰሉ፤ የሙዚቃ ሰው መጠየቅ ይወዳል። ሙዚቃው ሲጀምር ግን ክዳኑ ሁሉ ይዘጋ። እኔ የመጀመሪያ ቀን የእንጀራውን ፌስታል ስጠቀልል ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ይንኮሻኮሻል።

በኦገስት መጨረሻ ወቅቱ እንደ ልማዱ በቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ስለሚውል ዶሮ ወጥ ይዤ እሄዳለሁ። ያ ሰናፍጭ ያስለቀሰው ሽማግሌ ዛሬም እዚያው ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ድስቱን ከፍቶ ያይና "አዚፋውስ?" ይለኛል።