ማንኩሳ ላይ ለቀረችው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ትናንት ማታ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብርን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ሃምሳ ገጽ ሳይሞላ ተውኩት፤ ወንድሜ አንቺ አንባቢ አይደለሽም ይለኛል፤ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቢተርፈኝ ነው፤ ከየትኛው ዓይነት ልብ ወለድ ልጀምር?» ነበር ያልሽው። ከዚያ በታች የተደረደረው መልስ ሁሉ የመጽሐፍ ስም ብቻ ስለሆነብኝ እኔ ትንሽ ላርዝመው።

በመጀመሪያ ማንነቴን ልንገርሽ። የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም፤ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር፣ እጄ የገባውን ሁሉ ሳነብ የኖርኩ ተራ አንባቢ ነኝ። ሃያሲ ያደነቀውን መጽሐፍ ይዤ አንቀላፍቼ አውቃለሁ፤ ሃያሲ የናቀውን ይዤ ደግሞ የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ አውቃለሁ።

ያደግኩት መጽሐፍ በኪራይ በሚነበብበት ሰፈር ነው። አንድ ሰውዬ ከሱቅ አጠገብ ማዳበሪያ ዘርግቶ፣ ሽፋናቸው ተገንጥሎ በካርቶን የተለበዱ መጻሕፍት ደርድሮ ይቀመጣል። መያዣ ትሰጪና ትወስጃለሽ፤ ሒሳቡ በአዳር ነው። ይህ «በአዳር» የሚባል ነገር የእኔን የንባብ ጠባይ እንዴት እንዳበላሸው የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። በሳንቲም ለሚኖር ልጅ ጥሩ ልብ ወለድ ማለት ሳይነጋ የሚያልቅ ልብ ወለድ ነው። ስለዚህ የስለላ ታሪክ፣ በተለይ ማሞ ውድነህ የተረጎማቸውን፣ አንዱን በአንድ ሌሊት እጨርስ ነበር። ማን ማንን ከዳ፣ ሰነዱ የት ተደበቀ፣ አለቀ፣ ጠዋት መለስኩ።

አንድ ቀን ፍቅር እስከ መቃብርን ተከራየሁ። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው። በሦስተኛው አዳር ገና ታሪኩ የሚጀምርበት መንደር፣ ማንኩሳ ነበርኩ። ቦጋለ መብራቱ፣ ውድነሽ በጣሙ፣ የልጁ ስለት... ሰብለ ወንጌል የምትባለው ልጅ የት አለች? ኪራዩ እየቆጠረ ነው፣ ፍቅሩ ገና አልመጣም፣ መቃብሩማ ጭራሽ አይታይም። መለስኩት። ሰውዬው «ጨረስከው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ። ለጓደኞቼም እንደዚያው ዋሸሁ።

የተጋለጥኩት በእናቴ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ወጋየሁ ንጋቱ ያንን መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው አንድ ቀን አያመልጣትም ነበር። ቡና እያፈላች በፊታውራሪ መሸሻ ስትስቅ ሰማሁና «ማናቸው እሳቸው?» ብዬ ጠየቅኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አንብቤዋለሁ አላልክም እንዴ?» አለችኝ።

ከዓመታት በኋላ የራሴን ቅጂ ገዝቼ፣ ማንም ሳይቆጥርብኝ በሁለት ወር አነበብኩት። ያን ጊዜ ያሰለቸኝ ክፍል ዋናው ቋጠሮ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ ነው፤ ስለቱ ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ማንኩሳ ላይ ያን ያህል የቆዩት የዚያን ስለት ክብደት በትከሻችን ሊያሸክሙን ነው። ይህን ግን ሃምሳኛው ገጽ ላይ ማንም አይነግርሽም። አንቺም ያቆምሽው አንባቢ ስላልሆንሽ አይደለም፤ መጽሐፉ የሚፈልገው ሰዓትና አንቺ ያለሽ ሰዓት ስላልተገናኙ ነው። ስለዚህ ዓይነቱን ሳይሆን ሰዓትሽን አስቀድሚ።

ለደከመ ሰው ግማሽ ሰዓት እኔ የምሰጥሽ ብርሃኑ ዘሪሁንን ነው። ጋዜጠኛ ስለነበረ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ዓይንሽ እየተከደነም ቢሆን የጀመርሽውን መስመር ትጨርሺዋለሽ። የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ከወደድሽ «የታንጉት ምስጢር» አለልሽ፤ የወሎን ረሃብና የአብዮቱን መምጣት ከፈለግሽ በሦስት ቅጽ የወጣው «ማዕበል» አለልሽ። በነገራችን ላይ በታሪካዊ ልብ ወለድ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ብዙዎቹ ንጉሡን ከፈረስ ማውረድ ይፈራሉ። የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ» የወደድኩትን ያህል፣ አንዳንድ ቦታ ፉከራ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ፉከራ ደስ ይላል፤ ሌሊት ሙሉ ሲሆን ግን ጆሮ ያደክማል።

ልብ ሰቃይ ከፈለግሽ ከሁሉ በፊት የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»። ጋዜጠኛው ጸጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ፣ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይወርዳል፤ እዚያ ፊያሜታን ያገኛል። ስለላ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ፍቅር አለ፣ የቢሮ ሐሜትም አለ። በእኔ ግምት ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ አንባቢን ቶሎ የሚይዘው እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ስለ በዓሉ ግርማ መጨረሻ እያሰብሽ አትጀምሪው። መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲው ከሥራው መባረሩን፣ በ1976 እንደወጣ መቅረቱን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት ይህንኑ እያብሰለሰልኩ ነበር፤ በየገጹ «ይኼኛው ገጸ ባሕርይ በእውን የትኛው ባለሥልጣን ነው?» እያልኩ ስፈልግ ፊያሜታን አላየኋትም። ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ነው ያዘንኩላት። አንቺ አስቀድመሽ ታሪኩን አንብቢ፤ ለደራሲው ኋላ ታዝኚያለሽ።

የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» አንዳንዶች ከላይ በሰጡት መልስ አጣጥለውታል። እኔም ስህተት አላጣሁበትም፤ ገጸ ባሕርያቱ አልፎ አልፎ ንግግር የሚያደርጉ እንጂ የሚነጋገሩ አይመስሉም፤ አጋጣሚውም ይበዛል። ነገር ግን በ2001 ሲወጣ፣ መጽሐፍ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ነክቶ የማያውቅ የእህቴ ልጅ እሱን ጨርሶ «ተከታዩ መቼ ነው የሚወጣው?» እያለ ሲያስቸግረኝ አይቻለሁ። የጣናን ገዳማትና የረቀቀ ሳይንስን በአንድ ድስት ከትቶ ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦታል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚንቅ ሰው ይህን ልጅ በሌላ በምን ሊያስቀምጠው እንደሚችል ይንገረኝ።

የፍቅር ታሪክ ከፈለግሽ፣ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» በተማሪነቴ ከእጅ እጅ ሲዞር አስታውሳለሁ፤ ዛሬ ብመለስበት እንደዚያው እንደማለቅስ ግን አልምልም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ደግሞ፣ ስለ ወሲብ ሳይሸፋፍን ስለሚጽፍ፣ ቤትሽ ሆነሽ አንብቢው። «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ታክሲ ውስጥ ከፍቼ ጎኔ የተቀመጡ እናት በትከሻዬ በኩል አብረውኝ ሲያነቡ አግኝቻቸዋለሁ፤ ማናችን ይበልጥ እንደደነገጥን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለዓመት በዓል ዕረፍት የምታቆዪያቸው አሉ። የአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» አንዱ ነው። አዳም አጻጻፉን ከእንጀራ ጋር አያይዞ ሕፅናዊነት ይለዋል፤ እንደ እንጀራ ዓይኖች ለየብቻ የሚታዩ፣ ከሥር ግን የተያያዙ ታሪኮች ማለት ነው። ይህን በግማሽ ሰዓት እየቆራረጥሽ ካነበብሽው ዓይኖቹ ይታዩሻል፣ እንጀራው ግን ያመልጥሻል። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ማ... እውነቱን ልናገር፣ እስካሁን አልጨረስኩትም። አራት ጊዜ ጀምሬዋለሁ። ቋንቋው እንደ ሰሜን ሸዋ ዳገት ነው፤ ሁለት ገጽ ወጥቼ አርፋለሁ። የእኔ ማንኩሳ እሱ ነው፤ ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም።

የትርጉም ሥራ ከጠላሽ አንድ ዕድል ስጪው፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው»። የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ መጽሐፍ ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የተረጎመው። ውፍረቱን አይተሽ አትደንግጪ። በሲጋራ ወረቀት ቁራጭ የተተረጎመን መጽሐፍ በግማሽ ሰዓት ቁራጭ ማንበብ የሚያሳፍር አይመስለኝም፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስካርሌት ደግሞ ሌሊቱን አላስተኛ ትልሻለች።

ወደ ፍቅር እስከ መቃብር ስትመለሺ፣ ነውር ነው ቢሉሽም እኔ ያደረግኩትን አድርጊ። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከሚገባበት ጀምሪ። ጉዱ ካሣን ተዋወቂው። ልጁ ለምን እንዲህ እንደሚጨነቅ ማወቅ ስትፈልጊ፣ እመኚኝ ትፈልጊያለሽ፣ በራስሽ ፈቃድ ማንኩሳ ትመለሻለሽ። ካልሆነም የወጋየሁን ትረካ ፈልገሽ ወጥ እየሠራሽ ስሚው። መስማት እንደ ንባብ አይቆጠርም የሚል ካለ ከእናቴ ጋር ላከራክረው እችላለሁ።

ወንድምሽን ደግሞ ዛሬ ማታ እራት ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፤ አበጀ በለው ፊታውራሪ መሸሻን ምን አደረጋቸው በዪው። ጉሮሮውን ከጠራረገ እሱም ማንኩሳ ነው ያለው።