ሁለቱ ኦፕቲመስ ፕራይሞች ለምን አይመሳሰሉም?

ጥያቄ፦ ለልጄ ከፒያሳ የገዛኋቸው ሁለት ተለዋዋጭ ሮቦቶች (ከሮቦት ወደ መኪና የሚለወጡት የ«ትራንስፎርመርስ» አሻንጉሊቶች) ሁለቱም ኦፕቲመስ ፕራይም ይባላሉ፤ ሆኖም አንዱ ሣጥን መሰል ሲሆን ሌላው በጥቃቅን ቁርጥራጮች የተሸፈነ ነው። አድናቂዎች እንዴት ይለዩአቸዋል? (ከአራዳ አንባቢ)

መልስ፦ ክቡር አንባቢያችን፣ አድናቂዎች በቅድሚያ የሚያዩት የተመረተበትን ዓመት ሳይሆን የተከተለውን የንድፍ ዘመን ነው። ሣጥን መሰሉ፣ የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች ሀስብሮ የጃፓኑን የታካራ ኩባንያ አሻንጉሊቶች መነሻ አድርጎ በ1984 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበውን «አንደኛ ትውልድ» የሚከተል ነው፤ የጭነት መኪናው የፊት መስታወቶች የሮቦቱ ደረት፣ የኋላው ክፍል ደግሞ እግሮቹ ይሆናሉ። ሁለተኛው የ2007ቱን «ትራንስፎርመርስ» ፊልም መልክ የያዘ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የመጡት፣ ወደ እንስሳት የሚለወጡት ሮቦቶች ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ምድብ ናቸው።

ከመልክ ይልቅ ግን እኔ የምመዝነው የአለዋወጡን ዘዴ ነው። በአንዳንዶቹ እያንዳንዱ ክፍል በሁለቱም ቅርጽ ሥራ አለው፤ በሌሎቹ የመኪናው አካል ቅርፊት ብቻ ሆኖ ሮቦቱ ውስጡ ይታጠፋል፣ ሲቆምም ቅርፊቱን በጀርባው ተሸክሞ ይቀራል። አድናቂዎች ይህን ዓይነቱን ዝቅ አድርገው ይመለከቱታል፤ እኔም እስማማለሁ። ሌላ ሲገዙ፣ ከተቻለ፣ ሮቦቱን አዙረው ጀርባውን ይመልከቱ።