«ቴንክ ዩ» ላለኝ ደንበኛ ምን ብዬ ልመልስ?

ውድ እህታችን፣

ደንበኞችን በእንግሊዝኛ በቻትና በስልክ ለማስተናገድ ተወዳድረሽ የመጀመሪያውን ፈተና እንዳለፍሽ፣ ፈታኟ ግን «ለምስጋና የምትሰጪው መልስ ለጆሮ ይከብዳል» እንዳለችሽ ጽፈሽልናል። ምሳሌውንም አያይዘሽልናል፦ ስለ ሆቴል ክፍሉ ሲጨነቅ የቆየ ደንበኛ ቦታው መያዙን ስትነግሪው «ቴንክ ዩ ሶ ማች፣ አይ ወዝ ሪሊ ወሪድ» አለ፤ አንቺም «ዌልካም ዲር፣ ኢት ኢዝ ማይ ዲዩቲ» ብለሽ መለስሽ። «ኖ ፕሮብለም» ማለት እንደ ብልግና ይቆጠራል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ከምሳሌሽ እንጀምር፤ በዚያች አጭር መልስ ውስጥ መታረም ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። «ዌልካም» ብቻውን ሲቆም እንግዳ መቀበያ ነው። ለምስጋና የሚሆነው «ዩ አር ዌልካም» ነው። በፍጥነት የሚናገር ሰው የመጀመሪያዎቹን ቃላት ሊውጣቸው ይችላል፤ በጽሑፍ ግን ሊሰናበትሽ የተዘጋጀን ሰው እንደ አዲስ የተቀበልሽው ያስመስላል። «ዲር» በእንግሊዝኛ የቅርብ ሰው መጥሪያ ስለሆነ ከማያውቁት ሠራተኛ ሲመጣ ብዙዎችን ይከነክናል፤ ስሙን የምታውቂ ከሆነ በስሙ ጥሪው፣ ካላወቅሽ ምንም አትጨምሪ። «ኢት ኢዝ ማይ ዲዩቲ» ደግሞ በእኛ ቋንቋ «ሥራዬ ነው እኮ» ስንል የምናሳየውን ትሕትና አይሸከምም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚሰማው «ግዴታዬ ባይሆን አላደርገውም ነበር» የሚል ነው። ያንኑ መልስ እንዲህ ብትጽፊው ይስተካከላል፦ «ዩ አር ዌልካም! ዩር ሩም ኢዝ ኮንፈርምድ፣ ኤንድ ዘ ዲቴይልስ አር ኢን ዩር ኢሜይል።» መልሱ ምስጋናውን ይቀበላል፣ ያስጨነቀው ነገር ማለቁን ይነግረዋል፣ ማረጋገጫውን የት እንደሚያገኝም ይጠቁመዋል። በቻት ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አያስፈልግም።

ሌሎች የተለመዱ ስሕተቶችም ምንጫቸው ተመሳሳይ ነው። «ምንም አይደል» ለማለት «ኔቨር ማይንድ» የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን «ተወው፣ ይቅር» ማለት ስለሆነ ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠባበቅን ደንበኛ ያስደነግጠዋል። «ኖ ሜንሽን» የሚባል አነጋገር የለም፤ ያለው «ዶንት ሜንሽን ኢት» ነው፣ እሱም ትንሽ የቆየ ቃና አለው። «ዊዝ ፕለዠር» አንድ ነገር ሲጠይቁሽ፣ ከማድረግሽ በፊት «በደስታ» ለማለት ነው፤ ካደረግሽው በኋላ ለሚመጣ ምስጋና «ማይ ፕለዠር» ይባላል። «ዩ አር ኦልወይስ ዌልካም» የሚለውም ብዙ ጊዜ የሚሰማው «በማንኛውም ጊዜ ብትመጣ ደስ ይለናል» እንደ ማለት ነው።

«ኖ ፕሮብለም» ብልግና አይደለም። በዕለት ተዕለት ንግግር፣ በተለይ በወጣቶች ዘንድ፣ ከ«ዩ አር ዌልካም» እኩል ይነገራል። የሚከፋቸው ደንበኞች ግን አሉ፣ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ገፋ ያሉት፤ «ችግር የለውም» የሚባለው ችግር ሊሆን ይችል የነበረ ነገር ሲኖር ነው ብለው ስለሚያስቡ። ከሁሉ የሚከፋው ችግሩን የፈጠረው ድርጅቱ ራሱ ሲሆን ነው። ሁለት ጊዜ ሒሳብ የተቆረጠበት ሰው ገንዘቡ ሲመለስለት አመስግኖ «ኖ ፕሮብለም» ቢባል ቢናደድ አይፈረድበትም። ለእሱ «ቴንክ ዩ ፎር ዩር ፔሸንስ። አይ አም ግላድ ዊ ኩድ ፑት ዚስ ራይት» ይሻላል፤ ትዕግሥቱን አመሰገንሽ፣ መታረም የነበረበት ነገር መኖሩንም አልካድሽም። በሌላ በኩል ደንበኛው «ሶሪ ቱ ቦዘር ዩ አጌን፣ ቴንክስ» ካለሽ «ኖ ፕሮብለም አት ኦል» ከማንኛውም መልስ ይበልጣል። ምክንያቱም መልስ የሚሻው ይቅርታው ነው፤ «አላስቸገርከኝም» ስትዪው ይቀለዋል። እኛ የምንመክርሽ ይህን ሐረግ ለይቅርታ አስቀምጪው፣ ለምስጋና ሌላ ተጠቀሚ ነው።

የአገር ልዩነትም አለ። «ዩ ቤት» እና «ሹር ቲንግ» አሜሪካዊና ዘና ያሉ ናቸው፤ ለባንክ ወይም ለጤና መድን ደንበኛ አይመቹም። «ኖ ወሪስ» በአውስትራሊያ የተለመደ ነው፣ ዛሬ በእንግሊዝም በብዛት ይሰማል። «ኖት አት ኦል» ወደ እንግሊዞች ያደላል። «ማይ ፕለዠር» የሆቴል መስተንግዶ ቃና አለው፤ ቺክ ፊል ኤ የተባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት ሠራተኞቹን እንዲህ እንዲመልሱ የሚያሠለጥነው መሥራቹ ትሩኤት ካቲ በሪትዝ ካርልተን ሆቴል ሰምቶ ስለወደደው ነው። በየደቂቃው ከተደጋገመ ግን የተሸመደደ ይመስላል። አንቺ ሦስት ብቻ ይዘሽ ግቢ፦ «ዩ አር ዌልካም»፣ «ሃፒ ቱ ሄልፕ» እና «ግላድ ዛት ወርክድ»። የትም አገር ደንበኛ ቢገጥምሽ አያሳፍሩሽም። የመጨረሻውን የምትጠቀሚው ነገሩ በትክክል ሲሠራ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ገና በመንገድ ላይ እያለ «ግላድ ዛት ወርክድ» ካልሽ ነገ ተመልሶ የሚመጣው ተቆጥቶ ነው። ያኔ የሚሻለው «ዩ አር ዌልካም» ብለሽ ገንዘቡ የሚደርስበትን ቀን መጨመር ነው።

ፈተናው ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉት ሐረግ አጥተው አይደለም፤ ሁሉንም ምስጋና አንድ ዓይነት አድርገው በማየታቸው ነው። ደንበኛው «ቴንክስ ኢን አድቫንስ» ሲል ገና ምንም አልተደረገለትም፤ ስለዚህ «ዩ አር ዌልካም» አይገባም። «አይ ዊል ቼክ ዚስ ኤንድ ሪፕላይ ባይ ስሪ ኦክሎክ» ብለሽ ሥራውንና ሰዓቱን ንገሪው። «ቴንክስ ኤኒዌይ» ካለ አልረዳሽውም፤ ለሙከራሽ ብቻ ነው ያመሰገነሽ። «አይ አም ሶሪ ዊ ኩድንት ዱ ዚስ ፎር ዩ» በይና የቀረ አማራጭ ካለ ጨምሪ። «ቴንክስ ፎር ናቲንግ» ግልጽ ቁጣ ነው፤ «ቴንክስ ኤ ሎት» ግን ሁለት መልክ ስላለው ከመመለስሽ በፊት ከሱ በላይ ያለውን መልእክት አንብቢ። እዚያ ቅሬታ ካለ ምስጋና መስሎ የቀረበ ወቀሳ ነውና መልሱ ይቅርታ ነው። ደንበኛው ያመሰገነሽ ምርቱን አሞካሽቶ በአስተያየት መስጫ ላይ ከሆነ ደግሞ ውለታ የዋለው እሱ ነው፤ «ዩ አር ዌልካም» ሳይሆን «ቴንክ ዩ ፎር ቴኪንግ ዘ ታይም» ይባላል፣ ያሞገሰውንም ነገር ለይተሽ ጥቀሺለት። ሲከፍል የሚያመሰግንም እንዲሁ ነው፤ «ቴንክ ዩ» ብለሽ «ዩ» ላይ ጫን በይ፣ «አመስጋኟስ እኔ ነኝ» ማለትሽ ነው።

አንዳንዱ ሦስት አራት ጊዜ ያመሰግናል። ያንኑ ሐረግ አትድገሚለት፤ ለሁለተኛው «ኤኒታይም» ይበቃል፣ ለሦስተኛው «ሃቭ ኤ ግሬት ዴይ» ብለሽ ውይይቱን ዝጊ።

በጽሑፍ «ዩ አር» ሲያጥር በመካከሉ የምትገባው አናት ላይ የምትንጠለጠል ጭረትና መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» የተባለች ፊደል መቅረት የለባቸውም። ከቀሩ ቃሉ «የአንተ» ወደሚል ይቀየራል፤ በራሱ ትክክለኛ ቃል ስለሆነም ተራ የፊደል ማረሚያ አይዝልሽም። ከተጠራጠርሽ ሳታሳጥሪ ጻፊው። «ዌልካም» የሚጻፈው በአንድ «ኤል» ነው። ቃለ አጋኖም ከአንድ አይብለጥ።

በስልክ ሲሆን ክብደቱ «ዌል» ላይ ያርፋል፣ «ካም» የሚለው ደብዝዞ «ከም» ወደ መሆን ይጠጋል። ክብደቱን «ዩ አር» ላይ ካደረግሽው «ስላላመሰገንከኝ ላስታውስህ» የሚል ሽሙጥ ሊመስል ይችላል። በ«ፕለዠር» መካከል ያለው ድምፅ «ዠ» ነው፤ «ሸ» ወይም «ዘ» ካደረግሽው ቃሉ ይበላሻል። ከላይ ያነሳናቸውን የምስጋና ዓይነቶች በየወረቀቱ ጻፊ፣ አንዱን ሳታዪ አውጪ፣ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ መልሺ፤ በስልክሽ ቀድተሽም አድምጪው። በፀጥታ ማንበብ ለስልክ ፈተና አያዘጋጅም።

ፈተናው ሲያልቅ ፈታኟ «ቴንክ ዩ ፎር ካሚንግ» ማለቷ አይቀርም። እዚያ ላይ «ዩ አር ዌልካም» ከአፍሽ እንዳያመልጥሽ፤ ሥራውን የፈለግሽው አንቺ ነሽና «ቴንክ ዩ ፎር ዩር ታይም» ብለሽ ውጪ።