ካፓሲተሩ ከመቀየሩ በፊት ፎሙ ይታይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያርድ ሴል ላይ የድሮውን ትልቁን አድቬንት ስፒከር ጥንዱን በርካሽ አገኘሁት። ባሱ ሲመታ ይንኮሻኮሻል፣ የአንዱ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው) ደግሞ ታፍኗል። ጓደኞቼ የክሮስኦቨሩን (ድምፁን ለባሱና ለትዊተሩ የሚያከፋፍለውን ሰርኪት) ካፓሲተሮች በሙሉ አውጥተህ ውድ የፊልም (በስስ ፕላስቲክ የተሠራ) ካፓሲተር ክተትበት ይሉኛል፤ ዋጋው ግን ስፒከሩን ከገዛሁበት ይበልጣል። ያዋጣል?
ወንድማችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ኧረ ቆይ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። የባሱ መንኮሻኮሽ ከካፓሲተር ጋር ምንም አያገናኘው። የአድቬንት ዉፈር (ባሱን የሚያወጣው ትልቁ) ዙሪያውን የተያዘው በፎም፣ ማለትም በስፖንጅ ቀለበት ነው፣ ፎም ደግሞ በአሥራ ምናምን ዓመት ይበሰብሳል፣ ያንተዎቹ የ1970ዎቹ ናቸው። ግሪሉን (የፊቱን መሸፈኛ) አንሳና ፎሙን በጣትህ ነካ አድርገው። ከተፈረፈረ ጥፋተኛው እሱ ነው። መቀየሪያው ከነሙጫው ይሸጣል፣ ትዕግሥት ካለህ ቤትህ ትሠራዋለህ።

ለታፈነው ትዊተር መጀመሪያ ከኋላ ያለችውን ባለ ሦስት ደረጃ ማብሪያ ጠርጥር። የትዊተሩን ድምፅ ከፍ ዝቅ የምታደርገው እሷ ናት፣ ውስጧ ሲዝግ ድምፅ ትበላለች። የኮንታክት ማጽጃ ንፋባትና ወዲያ ወዲህ ደጋግመህ አመላልሳት። የግራና የቀኙን ሽቦም አቀያይር፤ መታፈኑ ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ችግሩ አምፕሊፋየሩ ጋ ነው፣ ስፒከሩን በከንቱ ትከፍተዋለህ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተሻለው ካፓሲተሩን አንድ እግሩን ነቅለህ ለካው። ኤሌክትሮሊቲክ (ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ዓይነት) ከሆነ በዚህ ዕድሜው ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ቢቀየር አይከፋም። አዲሱ ላይ የተጻፈው ማይክሮፋራድ (የካፓሲተሩ መጠን) ከድሮው ጋር እኩል ይሁን፣ 5 በመቶ ቢዛነፍ ግድ የለም፣ 100 ቮልትም ይበቃል። ፕላስና ማይነስ ያለውን ተራ ኤሌክትሮሊቲክ ግን እንዳታስገባ፣ ስፒከር ውስጥ የሚገባው ፖላሪቲ የሌለው ነው። ብራንዱማ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከዋጋው ጋር የሚመጣጠን ልዩነት አታገኝበትም።

ጓደኞችህ ያልነገሩህ ነገር አለ። ኤሌክትሮሊቲክ የራሱ ትንሽ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ የመግታት ባሕርይ) አለው፣ ስፒከሩን የነደፈው ሰው ደግሞ ድምፁን ያስተካከለው እሱን ይዞ ነው። የፊልሙ ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ ትዊተሩ ሊጮህ ይችላል፣ ብዙ ሰው «ድምፁ ተከፈተ» ብሎ የሚደሰተውም በዚሁ ነው፣ ከሳምንት በኋላ ጆሮው እስኪደክም። እንዲህ ከሆነብህ ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ ግማሽ ኦም ገደማ ሬዚስተር ጨምርበት። ኮይሉን (የክሮስኦቨሩን የሽቦ ጥቅል) አትንካው፤ በወፍራም ሽቦ የተጠቀለለ ብትተካበት ሬዚስታንሱ ይቀንስና ባሱ ይለወጣል። የምትቀይረውን ሁሉ ደግሞ በሁለቱም ስፒከር ላይ ቀይረው፣ አለበለዚያ ግራና ቀኙ አይመሳሰልም።