ገልብጡት እስቲ! የአያት ምንጣፍና የጨረታ ወሬ

ሰሞኑን ፖስታችን ምንጣፍ በምንጣፍ ሆኗል፣ ምን እንደነካችሁ እንጃ። ሦስቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ረጅም ነው ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ያደግኩት ደሴ ሸዋ በር ነው። አያታችን ሐጂ ነበሩ፣ ከአሰብ ጨርቅ እያመጡ ይነግዱ ነበር፣ ያኔ ከአንድ የመናዊ ነጋዴ የገዙት ምንጣፍ እስከዛሬ ቤታችን አለ። ቀዩ ደብዘዝ ብሏል፣ ጥጉ ላይ ከሰል ያቃጠለው የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ አለች፣ እማዬ ወዳጃ (የጸሎት ስብስብ) ሲኖር ብቻ ነው የምታነጥፈው። ባለፈው አንድ ደላላ መጥቶ አየውና 18 ሺህ ብር አለ፣ በማግስቱ 25 አደረገው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ "እንዳትሸጡት፣ ጨረታ ላይ ሚሊዮን ዶላር ነው የሚያወጣው፣ በሰው ላኩልኝ" እያለ ነው። ማንን ልስማ? — የሐጂ የልጅ ልጅ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትስሚ። ደላላው በአንድ ሌሊት 7 ሺህ የጨመረው ህልም አይቶ አይደለም፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተነጋግሮ ነው የመጣው። ወንድምሽም ቪዲዮ አይቶ ነው። መጀመሪያ ምንጣፉን ገልብጪው።

የምሬን ነው፣ ፊቱን ተይው ፊቱ ያታልላል። ጀርባው ላይ የፊቱ አበባ ቁልጭ ብሎ ከታየ፣ ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ ከተለዩ፣ ረድፉ ደግሞ እዚህ ጠበቅ እዚያ ላላ እያለ ከሄደ የሰው እጅ ነው የሰራው። ቀጥሎ ዘርፉን ያዢና ወደ ውስጥ ተከተይው። በእጅ የተሰራ ምንጣፍ ዘርፉ የድሩ ጫፍ ነው፣ ልክ እንደ ጋቢ ከገላው ነው የሚወጣው፣ የማሽን ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ በኋላ ተሰፍቶ የተለጠፈ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የ1 ብር ሳንቲም ጀርባው ላይ አስቀምጪና ፎቶ አንሺ፣ ያየ ሰው ቋጠሮው ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ከሳንቲሙ ይገምታል። በአንድ ሴንቲሜትር ካሬ 20 ቋጠሮ ብቻ ቢኖር እንኳ 2 በ3 ሜትር ምንጣፍ 1.2 ሚሊዮን ቋጠሮ ነው ማለት ነው፣ በቀን 8 ሺህ የምትቋጥር ጎበዝ ሰራተኛ 150 ቀን ትቀመጥበታለች። ግን ቋጠሮው ስለበዛ ብቻ ዋጋው ሰማይ አይነካም፣ ካዛክ የሚባሉት የካውካሰስ ምንጣፎች ቋጠሯቸው ወፈር ያለ ነው፣ አሮጌና ቀለማቸው ያማረ ሲሆን ግን ሰብሳቢዎቹ ይሻሙባቸዋል።

አሁን ወደ ቀዩ እንምጣ። በፈረንጆቹ 1856 ለንደን ውስጥ ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ የወባ መድኃኒት ኪኒን ልስራ ብሎ ሲሞክር ሳያስበው ወይን ጠጅ ቀለም አገኘ (ኮምቦልቻዎች፣ ወባችሁ ለዓለም ፋሽን ያደረገችውን አያችሁ)። ከዛ ወዲህ የፋብሪካ ቀለም እየተግተለተለ ፋርስ (የዛሬዋ ኢራን) እና ቱርክ ገባ፣ የመጀመሪያዎቹ አኒሊን የሚባሉት ፀሐይና ውሃ የማይችሉ ስለነበሩ የፋርስ መንግስት ራሱ እስከመከልከል ደርሷል። ስለዚህ ጸጉሩን በጣትሽ ፈልቀቅ አድርጊና ስሩን እዪ። ስሩ ደማቅ ቀይ ሆኖ ጫፉ ብቻ ግራጫ ወይ ቡናማ ከሆነ እንዲህ ያለ የፋብሪካ ቀለም ነው ብለሽ ጠርጥሪ። እንደነ እንሶስላ ከተክል ስር የሚወጣው ቀይ ግን ሲያረጅ እንደ ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ ሁሉም ቦታ አንድ ላይ ይለዝባል። አንዱ ሰማያዊ መሀል ላይ ድንገት ወደ ሌላ ሰማያዊ ቢቀየርብሽም አትደንግጪ፣ ክሩ በተለያየ ጊዜ ስለተነከረ ነው፣ አዋቂዎቹ እንዲያውም ይወዱታል።

ጥጉ ላይ ወይ ጥለቱ ውስጥ በአረብኛ ቁጥር ዓመተ ምህረት የተሸመነ ካለም እዪ። መድረሳ የተማረ ሰው ደሴ ውስጥ መቼም አይጠፋም ያነብልሻል፣ ችግሩ ከማንበቡ በኋላ ነው። 1325 ካለ በጨረቃው ሂጅራ (የእስልምናው አቆጣጠር) ከሆነ በፈረንጆቹ 1907 ገደማ ነው፣ ኢራን ግን በ1925 ወደ ፀሐይ አቆጣጠር ስለዞረች ያው 1325 እዚያ 1946 ሊሆን ይችላል። የ40 ዓመት ልዩነት! ይሄ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ጨረታ ቤቶች አንቲክ የሚሉት በጥቅሉ 100 ዓመት የሞላውን ነው፣ ከዛ በታቹ ቪንቴጅ ይባልና ዋጋው ሌላ ነው። አንዲት ቁጥር ፈትቶ መልሶ በመቋጠር 100 ዓመት የሚያስረጅ ሌባም አለ፣ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ይዘሽ አትዝለይ።

የወንድምሽ ሚሊዮን ከየት መጣ ካልሽ ወሬው ውሸት አይደለም። በፈረንጆቹ 2009 ጀርመን አውግስቡርግ ከተማ አንድ አነስተኛ ጨረታ ቤት አሮጌ ምንጣፍ 900 ዩሮ ብሎ ገመተ፣ ተጫራቾች ተናንቀውበት 19,700 ዩሮ ተሸጠ፣ ባለቤቱ መቼም ያን ቀን ደስ ብሎት ይሆናል። በ2010 ያው ምንጣፍ ለንደን ክሪስቲስ ጨረታ ቀርቦ 6.2 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ! ለካ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የከርማን (የኢራን ከተማ ናት) ስራ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ገማቹን ከሶ በ2012 ተረታ፣ ፍርድ ቤቱ ሁሉን የሚሸጥ ትንሽ ጨረታ ቤት የምንጣፍ ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም አለ። እኔ ይሄን ታሪክ ስሰማ ያናደደኝ 900 ያለው ሰውዬ አይደለም፣ 19,700 ሲጮህ ማንም "ቆይ እስቲ፣ እነዚህ ሰዎች ምን አይተው ነው" አለማለቱ ነው። ደላላሽ በማግስቱ ሲጨምር አንቺ ይህንኑ ነው መጠየቅ ያለብሽ። በ2013 ደግሞ ኒውዮርክ ሶዝቢስ ጨረታ ላይ ሌላ የከርማን ምንጣፍ፣ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ተኩል ብዙም የማይበልጥ፣ ከ5 እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ 33.7 ሚሊዮን ዶላር ወጣ።

እህቴ፣ እነዚህ ግን የነገስታት ዘመን ስራዎች ናቸው። አያትሽ ከአሰብ ንግድ ላይ የገዙት የእጅ ስራ ሆኖ ቢገኝ እንኳ አብዛኛው እንዲህ ያለ ምንጣፍ ውጭ ጨረታ ላይ በመቶዎች ወይ በጥቂት ሺህ ዶላር ነው የሚሸጠው፣ ያቺ የከሰል ቃጠሎም ትቀንስበታለች (ብለሽ ደግሞ አሁን እንዳታስጠግኚ፣ መጥፎ ጥገና ከቃጠሎው ይብሳል)። ከመዶሻው ዋጋ (ጨረታው ከቆመበት ዋጋ) ላይ የሻጭ ኮሚሽን ይቆረጣል፣ ገዢውም በበኩሉ ለጨረታ ቤቱ ከሩብ በላይ የሚደርስ ጭማሪ ስለሚከፍል ሲጫረት ያንን አስልቶ ነው እጁን የሚያነሳው።

"በሰው ላኩልኝ" የምትለዋን ነገር ግን እርሺያት። አንደኛ የኢራን ከሆነ አሜሪካ በፈረንጆቹ ከነሐሴ 2018 ጀምሮ የኢራን ምንጣፍ እንዳይገባ ከልክላለች። ሁለተኛ እኛም ጋ በአዋጅ 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም፣ ያንቺው ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ተከፍቶ ከምትከራከሪ ቀድመሽ የቅርስ ባለስልጣንን ጠይቂ። እስከዛ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ዘርፉን፣ ቃጠሎውን ሳይቀር በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተሽ ለሁለት ለሦስት ጨረታ ቤት በኢሜይል ላኪ፣ ብዙዎቹ ግምት በነጻ ይሰጣሉ። ሲመልሱልሽ ግምቱን ብቻ አትዪ፣ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚባለው ዋጋ ስንት እንደሚሆን፣ ኮሚሽኑን፣ ኢንሹራንሱን፣ ሳይሸጥ ቢቀር የማን ወጪ እንደሆነ በጽሁፍ አስመልሺ። ደላላው እስከዛ ከመጣ ቡና አጠጪው፣ ምንጣፉን ግን አታሳዪው። እና ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁሉም ተናግሯል እናትሽ ብቻ ናቸው ምንም ያላሉት፣ ጠይቀሻቸዋል?

ጥያቄ፦ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ ነጋዴ ነኝ። አንድ የተወረሰ እቃ ጨረታ ላይ "የፋርስ ምንጣፍ 3 ፍሬ" የሚል አይቼ ተጫረትኩ አሸነፍኩም፣ ቤት ወስጄ ስገለብጠው ጀርባው ነጭ ሙጫ የተቀባ ነገር ነው። ተሸወድኩ? — አሸናፊው

መልስ፦ ወንድሜ የብዕር ስምህን ወድጄዋለሁ። ሙጫ ያለው በአብዛኛው የማሽን ነው፣ ከቋጠሮ ጋር አይተዋወቅም። ለማረጋገጥ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር ንቀልና በክብሪት ለኩሰው፣ ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸትሃል ስትነካውም አመድ ሆኖ ይፈረፍራል፣ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥና ጥቁር ጠጣር ኳስ ይሆናል። ዝርዝሩን የጻፈው ሰራተኛ ደግሞ ምን ያድርግ፣ አበባ ያለበት ምንጣፍ ሁሉ ለሱ ፋርስ ነው፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ባለ ሚዳቋዋንም ፋርስ ይልልሃል። "ባለበት ሁኔታ" ተብሎ የተሸጠን እቃ ማስመለስ ከባድ ነው፣ ለሚቀጥለው ግን እቃ የማያ ቀን ሲኖር ሄደህ በእጅህ ገልብጥ። የማሽንም ቢሆን ግን ሳሎን ያሞቃል፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ምን ያደርግልሃል እንጂ የሐረጎን ዳገት ውጣና ደሴ ሽጠው፣ ብርዱ ራሱ ይሸጥልሃል።

ጥያቄ፦ የድሮ የሱፍ ምንጣፍ እንዴት ይታጠባል? ብልስ? — እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እሜቴ፣ በዱቄት ሳሙና አይሁን! ወጣት እያለሁ የጎረቤት ምንጣፍ ላስደስት ብዬ በዱቄት ሳሙናና በሙቅ ውሃ ፈትጌ ቀዩ ነጩ ላይ ሄዶበት፣ ሰጥቼ ሳልሰናበት ነው የሸሸሁት፣ እስከዛሬ በዚያ ሰፈር አላልፍም። መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ያርጥቡና እያንዳንዱ ቀለም ላይ ጫን አድርገው ያቆዩት፣ ጨርቁ ከቀላ ወይ ከጠቆረ ውሃ አያስነኩት፣ ገልብጠው ጀርባውን መታ መታ አድርገው አቧራውን ማራገፍ ብቻ ነው። ብሉ ጨለማና ፀጥታ ይወዳል፣ አልጋ ስር ተጣጥፎ ዓመት የከረመ ምንጣፍ ቀለቡ ነው፣ ስለዚህ በየወሩ ያውጡና ጥላ ስር ያናፍሱት። ሲያስቀምጡትም አይጠፍ፣ ይጠቅለልና በንጹህ አቡጀዲ ይሸፈን፣ በፌስታል ግን በፍጹም፣ የደሴ እርጥበት ውስጡ ታፍኖ ያሻግተዋል።